አሥሩንም ጥያቄ ጠይቄ የገዛኋት ቡችላ

ይድረስ ለተከበሩ የቤት እንስሳት እርባታ ፈቃድና ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለጥያቄዎችዎ የተሰጡኝን መልሶች ስለማስረከብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ሁለቱ የዳሌ መገጣጠሚያዎችዎ ከወንበርዎ ሲነሡም ሆነ ወደ ወንበርዎ ሲመለሱ ሳያሳፍሩዎት ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉዎት ከልብ እመኛለሁ። ሰላምታዬን ከዳሌ መጀመሬ ቢያስገርምዎት አይፍረዱብኝ፤ ሰሞኑን በቤታችን የሚወራው ሌላ ነገር የለም።

ባለፈው ወር ላቀረብኩት የአራት ገጽ አቤቱታ የሰጡኝን የሁለት መስመር መልስ በታላቅ አክብሮት ተቀብያለሁ። መልስዎ ገዢዋ ቡችላዋን ከመግዛታቸው በፊት አስፈላጊዎቹን ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባቸው እንደነበር ይገልጻል፤ ከሥሩ ማኅተም አርፎበታል፤ ከኋላውም ክፍልዎ ያሳተመው «ቡችላ ከመግዛትዎ በፊት አርቢውን የሚጠይቋቸው አሥር ጥያቄዎች» የተሰኘ በራሪ ወረቀት ተያይዞበታል። ይህን ያህል ስለተጨነቁልኝ ዕድሜ ይስጥልኝ። ያላወቁት ነገር ቢኖር ወረቀቱ ሁለተኛዬ መሆኑን ነው። የመጀመሪያውን ከዚያው ከመሥሪያ ቤትዎ ባንኮኒ ላይ ራሴ ወስጄ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት፣ ይዤው ሄጄ፣ አሥሩንም አንድ ሳላስቀር ጠይቄያለሁ። ጥያቄዎቹ የእርስዎ ከሆኑ መልሶቹም የእርስዎ ናቸው ብዬ ስላሰብኩ፣ ይኸው በዚህ ግልጽ ደብዳቤ አስረክባለሁ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፈተና ጥያቄ ሳወጣና ሳርም የኖርኩ ጡረተኛ መምህርት ነኝ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው፤ እትዬ ነው የምላት። እትዬ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከደጃፋችን አልፋ አታውቅም ነበር። ሐኪሟ በየቀኑ ካልተራመድሽ ጉልበትሽ ታስሮ ይቀራል ቢላት፣ ማን ጠርቶኝ ነው የምራመደው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባትም፤ እሷ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ እኔ ስጠራት እምቢ ካለች፣ በየጠዋቱ በሩን እየቧጠጠ የሚጠራት ነገር ላምጣላት አልኩ። ቡችላ የፈለግነው ለጌጥ እንዳልነበረ እንዲያውቁልኝ ያህል ነው።

ስለዚህ ክፍልዎ ፈቃድ ሰጥቶ ወዳከበረው አርቢ ሄድን። እትዬን ታክሲ ውስጥ ለማስገባት የፈጀብኝን ልፋት ልተወው። አርቢው ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር እያለ የሚጠራው፣ የምን ዶክተር እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆት የማያውቅ ሰው ነው። የእንግዳ መቀበያው ወለል ፊት ያሳያል፤ ክፍሉ በረኪና በረኪና ይላል። ግድግዳው ላይ እርስዎ የፈረሙበት ፈቃድ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ከጎኑም እንደዚያው በመስታወት፣ የእርስዎ አሥር ጥያቄዎች። እኔ ከቦርሳዬ አጣጥፌ ያወጣሁት ወረቀት እሱ ግድግዳ ላይ ተከብሮ ሳየው፣ እኔ ሞኟ፣ ደስ አለኝ።

አንደኛ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ ቡችላው ስንት ሳምንት እንደሞላው የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት እንደሌለበትም በቅንፍ ያስረዳል። ዶክተር ልክ ስምንት ሳምንት ከሁለት ቀን አለኝ። ልቤን የወሰደችው ያቺ ሁለት ቀን ናት፤ የሚዋሽ ሰው ለሁለት ቀን አይጨነቅም ብዬ። በሳምንቱ ለክትባት የወሰድናት የእንስሳት ሐኪም ግን፣ እሱ እንኳ እውነተኛ ሐኪም ነው፣ ጥርሷን ገልጦ አይቶ ገና ስድስተኛ ሳምንቷን እንዳልጨረሰች ነገረን። ያን ጊዜ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛና ሦስተኛ። እነዚህ የወላጆቹን ጤንነትና የዳሌያቸውን ምርመራ የሚመለከቱ ናቸው። ሁለተኛውን ጀምሬ ገና «የወላጆቹ» ከማለቴ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት እጄ ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን ሳነብለት ደግሞ የአራተኛውን መልስ ሰጠኝ። ክቡር ሆይ፣ ተፈታኝ ጥያቄው ሳይነበብለት በተርታ ሲመልስ ጎበዝ አይባልም፤ ፈተናው ወጥቷል ነው የሚባለው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ አስነሥቼ ፈተና ሰርዤ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን አልሰረዝኩም። በዚያች ደቂቃ ቡችላዋ የእትዬ ሹራብ እጅጌ ውስጥ ገብታ ከውጭ የቀረው አፍንጫዋ ብቻ ነበር፤ እትዬም እየሳቀች ነበር። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የእህቴን ጥርስ አየሁ። ጥፋቱ የገዢዋ ነው ማለትዎ ይህን ከሆነ፣ እሺ፣ ይህችን እቀበላለሁ።

አምስተኛ። እናቲቱን በዓይናችሁ አይታችኋል ወይ ይላል ወረቀትዎ፤ እንዴት ያለ ድንቅ ጥያቄ ነው! ዶክተር ሳይውል ሳያድር አንዲት የተበጠረች፣ ጨዋ፣ ረጋ ያለች ውሻ በማሰሪያ እየመራ አስገባ። ቡችሎቹ እየተንጫጩ ሆዷ ሥር ገቡ። እሷ ግን ቀስ ብላ ተነሥታ ፈንጠር ካለች በኋላ፣ የሥራ ሰዓቷ እስኪያልቅ እንደምትጠብቅ ሠራተኛ በሩን በሩን ታይ ጀመር። እኔም ይህችማ ልጆቿን ጡት ልታስጥል ነው ብዬ አደነቅኳት።

ስለ ክትባቱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ሆድ ትላትል መድኃኒቱ አልዘበዝብብዎትም፤ ሁሉንም ደፍኗል። ስምንተኛውን ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ጥሩ አርቢ መልሶ እናንተንም ይጠይቃል ትላለች ስምንተኛዋ። ዶክተር ጠየቀን! ቤታችን ደረጃ እንዳለው፣ ቡችላዋ ቀን ቀን ከማን ጋር እንደምትውል፣ የምትተኛበት ቦታ ብርድ እንዳይኖረው ሳይቀር ጠየቀ። እትዬ እንዲህ የሚያስብ ሰው አሁንም አለ እንዴ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእህቴን እንባ እንዴት እንደሚያስመጣ ለሰውየው በጽሑፍ ስላስጠኑልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እትዬ ቡችላዋን ምርኩዜ አለቻት። ሦስት ወር ሙሉ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከደስታ በቀር ያየነው ነገር አልነበረም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምርኩዜ በሩን ትቧጥጣለች፤ እትዬም መጣሁ እኮ፣ ምን ያዋክብሻል እያለች ጫማዋን ታጠልቃለች። መጀመሪያ እስከ ጥጉ፣ ከዚያ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ኋላም ድልድዩን ተሻግረው ይመለሱ ጀመር። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ምርኩዜ በሩን ቧጠጠች፤ ከደጃፉ ግን አላለፈችም። የኋላ እግሮቿ እንደ ጨርቅ ተጣጥፈው ቁጭ አለች። የእንስሳት ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ፣ ሁለቱም ዳሌዎቿ በቦታቸው እንዳልተቀመጡ፣ ነገሩ ከዘር የመጣ እንደሚመስል፣ ደረጃም እንዳትወጣ አስረዳን። የወላጆቿን ምርመራ ቢያገኝ በሽታው እስከ የት እንደሚሄድ ለመገመት፣ ቀዶ ጥገናም ያዋጣት እንደሆነ ለመወሰን እንደሚረዳው ነገረን። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬም ከደጃፉ አላለፈችም። እሷ ካልሄደች እኔ ወዴት ልሄድ ነው ብላ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ትውላለች። ያላት ጥያቄም አንድ ብቻ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሥረኛ። ቡችላው ችግር ቢገጥመው አርቢው ይቀበላችኋል ወይ? ዶክተር በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው ብሎኝ ነበር፤ አልዋሸም፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። ውስጥ አንድ አባትና አንዲት ልጅ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው እግረ አጭር ቡችሎች ወለሉ ላይ ይርመሰመሳሉ። የእነዚያ እናት ሆና በማሰሪያ ተመርታ የገባችውም ያቺው የተበጠረች፣ ጨዋ፣ ረጋ ያለች ውሻ ናት! ሲበቃት ወጥታ ስትሄድ እግር በእግር ተከተልኳት፤ ሁለት ቤት አልፋ አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ገብታ ከስፌት መኪናው ሥር ተጋደመች። ልብስ ሰፊው ክፋት የሌለበት ሰው ነው። የማን ናት ብለው የእኔ ናት፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ሥራ አላት አለኝ፣ ኮራ ብሎ። ወልዳ ታውቃለች ወይ ብለው ሣቀብኝ፤ ከአራት ዓመት በፊት እንዳትወልድ በቀዶ ጥገና አስመክኗታል።

ተመልሼ እውነተኛዋ እናት የት ናት ብዬ ዶክተርን ብጠይቀው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አሥሩን ጥያቄ ጨርሰዋል እኮ አለኝ። ከመቀበያው ኋላ፣ ከግቢው ጥግ፣ በቁልፍ የተቆለፈ የቆርቆሮ በር አለ። ያ ምንድን ነው ብለው ዕቃ ቤት ነው አለ። ክቡርነትዎ በዘመንዎ ብዙ ዕቃ ቤት ጎብኝተው ይሆናል፤ የሚያለቅስ ዕቃ ቤት አጋጥሞዎት ያውቃል?

የሄድኩት ወደ እርስዎ ነው፤ ሌላ ወዴት ይኬዳል? የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም የክፍልዎ ነውና፣ የእናቲቱ የምርመራ ውጤት የተመዘገበበት መዝገብ እንዲታይልኝ በአራት ገጽ ለመንኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ማኅደሩ ምስጢር መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። የውሻ ዳሌ የመንግሥት ምስጢር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር፤ ሰው እስኪሞት ይማራል ማለት ይኸው ነው መሰለኝ። ከዚያ ያቺ ሁለት መስመር መልስዎ ደረሰችኝ።

የተያያዘውን ወረቀት ሳላነብ ብቀር እንደ ውለታ ቢስነት እንዳይቆጠርብኝ፣ በማጉያ መነጽር እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከታች ጥግ ላይ፣ ለመነበብ ባልታሰቡ ፊደላት፣ ጥያቄዎቹን በማዘጋጀት ሙያዊ እገዛ ላደረጉልን ተብሎ ምስጋና ቀርቧል፤ የተመሰገነውም ሌላ ማንም ሳይሆን የእኛው ዶክተር ነው። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ተማሪ ፈተና ሲሰርቅ አይቻለሁ፣ መምህር ሲሸጥም ሰምቻለሁ። ተፈታኙን ጠርቶ ና ጥያቄውን አንተው አውጣው የሚል መሥሪያ ቤት ግን ይኸው በጡረታዬ ለማየት በቃሁ።

የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ መዝገቡ ይከፈትልን። ባዶ ከሆነም ባዶ መሆኑ ይነገረን። ሁለት፣ አንድ ሰው፣ ከቢሮዎ ማንም ይሁን፣ ያን የቆርቆሮ በር ያስከፍት። ከኋላው ያለችው ማን እንደሆነች እናንተም እኛም እንወቅ።

ሁለት መስመር የነበረው መልስዎ በዚህኛው ዙር ሦስት መስመር እንዲሆንልኝ እየተማጸንኩ፣ ለፊርማዎ ብርታትን፣ ለማኅተምዎ ቀለምን፣ ለወንበርዎ ምቾትን ተመኝቼ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የአሥሩ ጥያቄዎች ትጉ ደንበኛ፣
መቆም ያቃታት ምርኩዝ አሳዳጊ፣
ጡረተኛዋ ፈተና አራሚ

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊው ውሻ፣ በሥራ ቦታዋ (ማክሰኞና ቅዳሜ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ጫማዬን አምጪልኝ አለች። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል አንሥቶ በእንግዳ ማረፊያዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ያገኙናል። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ምርኩዜ ደግሞ ደረጃ ተከልክላለች፤ ቢሆንም አያሳስብዎት፣ በዘንቢል አድርገን አንዱን እጀታ እትዬ ሌላውን እኔ ይዘን እንወጣለን። የእትዬ ሐኪምም ልትራመድ መሆኑን ሲሰማ በጣም ደስ ብሎታል፤ መዝገቡ ሳይከፈት በቆየ ቁጥር ጉልበቷ ይጠናል ብሏል። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነው፣ ከአሥሩ ውስጥም የለበትም። ፈተና ማውጣት በክፍልዎ የተለመደ ስለሆነ፣ መልሱን አስቀድመው እንዲያጠኑት ይኸው ጽፌልዎታለሁ፦ እናቷ የት ናት?