ለአባባ የሚሆን ቼዝ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጢሞቴዎስ፤

የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? የዶሃ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገብህንስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሆቴሉ ኩሽና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ነው የምትውለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ገብቶ የቀጨኔ ዳገት ጭቃ ሆኗል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንዳትለኝ። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ አባባ ማውራት አልሆነልኝም። መሳይ የዕረፍት ፈቃዱን ጨርሶ ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

በመሳይ የላክኸው ኮምፒውተር በሰላም ደርሶናል። ከሦስቱ የቼዝ ፕሮግራሞች የትኛው ለአባባ እንደሚሻል ሞክረሽ ጻፊልኝ ብለህ ነበር። ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከስትሮኩ ወዲህ እጃቸው ተመልሷል፣ እግራቸውም ይራመዳል፤ ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም ማለት ይቻላል። በስልክ ያልነገርኩህ የሚከተለውን ነው። ባለፈው ሆስፒታል ስንሄድ ዶክተሯ ዛሬ ቀኑ ማን ነው፣ የልጆችዎ ስም ማን ማን ነው ብላ ብትጠይቃቸው መስኮት መስኮቱን እያዩ ዝም አሉ። ወደ ውጭ ጠርታኝ ማስታወሳቸው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል አለችኝ። እኔንም ከታመሙ ጀምሮ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። ያውቁኝ ይሆን እያልኩ ስፈራ ከርሜያለሁ።

ወደ ፕሮግራሞቹ ልምጣ። የመጀመሪያው ኃይለኛው ነው። ባለሱቁ ሸፊ ሞክሮት ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተሸነፈና ማውሱ ነው ያበላሸብኝ ብሎ ሄደ። አባባም ጥቂት እንደተጫወቱ ንግሥታቸውን ሳያዩ ለፈረስ አጋለጧት፤ እሱም ላፍ አደረጋት። አባባ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አንስተው ኮምፒውተሩን ክድን አደረጉት። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰው ሳያስተውል ንግሥቱን ሲያጋልጥ፣ ንግሥትህን አይቻታለሁ ሳይሉ መብላት በእኛ ቤት ነውር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ይህ ፕሮግራም እንዲህ ያለ አስተዳደግ የለውም።

ሁለተኛው ያስጠነቅቃል፤ ግን አበዛው። ገና ጠጠር ሲነኩ ቀይ ቀስት ያወጣል፣ የተሻለው ይህ ነው ይላል፣ ጨዋታው ሲያልቅም ያጠፉትን ሁሉ እያነሳ ይተነትናል። ባለቤቴ እንድርያስ ለተማሪዎቼ ይሆናል ብሎ ወዶታል። አባባ ግን አክስታችን እትዬ አጸደ ላጉርስዎ ሲሏቸው እንኳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። ገና ሁለተኛው ቀስት ላይ ተነሱ።

ሦስተኛው አያብለጨልጭም። ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል፣ እኔ ሞኟ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግሁላቸው። ንግሥቱን እንዲሁ ሲሰጣቸው አባባ ቀና ብለው አዩኝ፤ ስኳር ስንሰርቅ ሲይዙን የሚያዩን አስተያየት ነበር። ሳይበሏት ተነስተው ሄዱ።

ይህኛው ግን ሌሎቹ ላይ ያላገኘሁት ሁለት ነገር አለው። ጠጠሮቹን እንደፈለጉ ደርድሮ ጨዋታን ከመሃል መጀመር ይቻላል፤ ሩቅ ካለ ሰው ጋርም አንዱ ሲመቸው፣ ሌላውም ሲመቸው ጠጠሩን እያንቀሳቀሰ መጫወት ይቻላል። ይህን ሳይ የሽኝትህ ዕለት ትዝ አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩልህ ሲገቡ አንተና አባባ ጨዋታችሁን አቋረጣችሁ። አባባ ሰሌዳውን እንዳለ ቡፌው ላይ አውጥተው ነጠላ አለበሱት፤ ለአቧራ እንኳ ማንም አይነካውም ነበር። አባባ ሆስፒታል ሳሉ ግን እትዬ አጸደ ቤቱ አምሮ ይቆያቸው ብለው ለፋሲካ ቀለም አስቀቡና ጠጠሮቹን ሰብስበው ፌስታል ውስጥ ከተቱ። ክፋት የለባቸውም፤ ጠጠሩ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ የሚጠበቅ ዕቃ መሆኑን ማን ነገራቸው።

ስልኬ ውስጥ የዚያን ዕለት ፎቶ አገኘሁ። አንተ ከፊት ትስቃለህ፣ ከኋላህ ሰሌዳው ይታያል፤ አንዱን ጥግ ግን ክርንህ ሸፍኖታል። የሚታየውን ሁሉ ፕሮግራሙ ላይ ደረደርኩ፤ የተሸፈነውን ባዶ ተውኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን አባባ ፊት አስቀምጬ ልብስ ማጣጠፌን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ጣታቸውን ባዶው ጥግ ላይ አሳርፈው፣ ልዩ፣ እዚህ ጋ የጢሞ ፈረስ ነበር፣ ከፊቱም ወታደር ነበር አሉ። ስሜን ጠሩ፣ ጢሞ። ያንተንም ጠሩ። የያዝኩትን ጋቢ ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ለልቅሶዬ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቶሎ አስገቢው እንጂ ብለው ተቆጡኝ። ተራው የማን ነው ብላቸው፣ የእሱ ነው፣ እስከ ዛሬ እያሰበ ነው አሉኝ።

ድነዋል ብዬ አልዋሽህም። ንግግራቸው ገና ቁርጥርጥ ነው፤ ሲደክማቸውም መልሰው ዝም ይላሉ። ግን ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚከፍቱት ኮምፒውተሩን ነው፤ መልስህ መጥቶ እንደሆነ ያያሉ። ስለዚህ ሦስተኛውን ምረጥ፤ አንተም እዚያ ጫነውና ከሥራ ስትወጣ አንድ ጊዜ ተጫወት። አደራ፣ አስበህ ተጫወት፤ ብታዝንላቸው ያውቁብሃል።

እትዬ አጸደ በጣም ናፍቀኸኛል፣ ስለ ጠጠሮቹ ይቅር በለኝ ብለዋል። እንድርያስ ሰላም ይልሃል። ሸፊም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ስለ መሸነፉ እንዳልነግርህ ለምኖኝ ነበር። አባባን ደግሞ ለጢሞ ምን ልበልልዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰሌዳውን ደጋግመው አዩና፣ ንግሥትህን አይቻታለሁ በይው አሉኝ።

እህትህ ልዩ

ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.