ከመርዶው በፊት ኦሳካ

ማክሰኞ፣ ማርች 5፤ ከሥራ መልስ

እግሬ አብጧል። ጾሙ ገባና የሐበሻው ምግብ ቤት መንገድ ፌርፋክስ በያይነቱ ፈላጊ ሞላበት። እኔ ጴንጤዋ ቀኑን ሙሉ ለጾመኛው ሽሮ ስሸከም ዋልኩ። አለቃዬ እትዬ ዘውዴ ጾም ሲይዙ ቁጣቸው ይብሳል፤ ዛሬ ግን እያጉረመረሙም ቢሆን ፈቃዴን ሰጡኝ። ሰማህ ደብተር? ማርች 27 ጃፓን፣ ኦሳካ! አምስት ሌሊት፣ እኔና ጓደኛዬ ገኒ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ለሥራ ወይ ለለቅሶ ካልሆነ የትም ሄጄ አላውቅም።

ገኒ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ስንቱን ሰው እስከ አውሮፕላኑ በር አድርሳ ትመለሳለች፤ እሷ ራሷ ግን አሜሪካ ከገባች ወዲህ አንድ ቀን በርራ አታውቅም። ዜግነቷን ያገኘችው አምና ነው። አልጋዬ ላይ ተጋድማ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ጭቅጭቅ ተጀመረ።

እሷ ዶቶንቦሪ ትላለች፤ የማታ መብራቱ ቦዩ ላይ የሚያበራበት፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ የሚበላበት ሰፈር። የኦክቶፐስ ድብልብሉን ሳልበላ አልመለስም አለች። እኔ ግንቡንና የቼሪ አበባውን ነው የምፈልገው። ስምንት እግር ያለው ነገር አልበላም። ቁርጥ በልታ ያደገች ሴት ጥሬ ዓሣ ትፈራለች ብላ ሳቀችብኝ። ሾርባቸው የአሳማ አጥንት አለበት ስላት ደግሞ ወንጌል አርነት አውጥቶናል አለች፣ ጥቅስ ጠርታ። ለሆዷ ሲሆን መጽሐፍ ቅዱሱን ታውቀዋለች። እዚያው አጠገብ ያለችው ናራ ከተማ ሄደን አጋዘኖቹን ለማየት ተስማማን። ቤተ መቅደሳቸው ውስጥ ግን አልገባም አልኩ። ከውጭ ፎቶ መነሳት አምልኮ አይደለም አለች። ይህን ክርክር አልጨረስነውም።

በመጨረሻ አባቷ ጋ በስፒከር ደወለች። አ.አ. ገና መንጋቱ ነው፤ ጋሽ ወርቁ ግን የሹፌር እንቅልፍ አልለቀቃቸውም፣ ቀድመው ተነስተዋል። ሠላሳ ዓመት አይሱዙ ነድተዋል። በገና ልምጣ ስትላቸው ቀድመሽ ጃፓንን እዪ ያሏት እሳቸው ናቸው። "እነዚያ ሰዎች ምን ቢበሉ ነው እንደዚያ ያለ ሞተር የሚሠሩት? ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ" አሉ። ገኒ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ጽሕፈቴን አትታዘበኝ።

ዳዊት ደወለ፤ የገኒ ወንድም፣ ከአ.አ.። የምሳ ግርግር ላይ ነበርኩ፣ በጓሮ በር ወጣሁ። ጋሽ ወርቁ አረፉ። ትናንት ማታ ተኝተው ጠዋት አልነቁም። ከሰዓት በኋላ ቀብረዋቸዋል።

እያለቀሰ ነው የሚያወራው። ለብቻዋ እንዳትሰማ፣ ደም ግፊት አለባት አለ። ቀብሩ አልፏል፤ አሁን ብትሰማ ምን ታተርፋለች? አባዬም ሂጂ ብሏታል፣ ትሂድ፣ ስትመለስ ሰብሰብ ብላችሁ አርዱልኝ። እሺ አልኩት። አፌ ቀደመኝ እንጂ አስቤበት አይደለም።

ተመልሼ ገባሁ። የስድስት ቁጥሩን ለሁለት ቁጥር አቀረብኩ። እትዬ ዘውዴ ጮሁብኝ፣ ምንም አልመሰለኝም።

ማታ ገኒ ደወለች። "ሶሲ፣ ሆቴሉ ቁርስ አለው የለውም? ቼክ አድርጊልኝ አላልኩሽም?" የለውም አልኳት። ኦኬ፣ ገበያ ሄደን እንበላለና ብላ ስለ ጥብስ ዓሣ ታወራልኝ ጀመር። እኔ ሽንት ቤት ተቀምጬ፣ ቧንቧ ከፍቼ፣ አ…ሃ፣ አ…ሃ እላለሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 16

ጋሽ ታደለ ቤት ተሰበሰብን። የቤ/ክ ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ ታክሲ ይነዱ ነበር። እኛ ሰፈር መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። ሁለት የኳየር ሴቶችም መጡ። ሻይ ጠጣን። ማንም በቶሎ ወደ ነገሩ አልገባም፤ ስለ ትራፊክ ተወራ፣ ስለ ፒኮ መንገድ አውቶቡስ ተወራ።

በኋላ ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። የከፈለችበት ጉዞ ነው። አባትየውም መርቀው ሸኝተዋታል። ስለዚህ ትሂድና ትመለስ፣ በተመለሰች በማግሥቱ ንጋት ላይ እንሄዳለን አሉ። እስከዚያ ፌስቡክ ላይ ምንም የሚጽፍ ሰው እንዳይኖር። እኔ ደግሞ አብሬያት ስለምሄድ አደራው የእኔ ነው። ማንም ሰው ፊቴን አላየውም መሰለኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ትሂድና ትመለስ ሲሉ ደስ አለኝ። ኦሳካዬ አልቀረችም ብዬ ደስ አለኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ነው ያፈርኩት።

እሑድ፣ ማርች 17

አምልኮው ሲያበቃ ሰው ሁሉ ገኒን ሲያቅፋት ሊለቃት አልቻለም። አንዷ የኳየር ሴት ጭራሽ ዓይኗ ረጠበ። ገኒ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። "ዛሬ ሰው ምን ነክቶታል? ስብከቱ እንደዚህ ነበር እንዴ?" መንፈስ ነው አልኳት። በመንፈስ ዋሸሁ፣ ይታይህ።

ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ለአባቷ ደወለች። አይነሳም። ዳዊት ጋ ደወለች። ናዝሬት ዘመድ ጋ ሄዷል፣ ስልኩን ቤት ረስቶት ነው አላት። ሽማግሌው ሳይነግረኝ መሄድ ጀመረ ብላ አኮረፈች፣ ወዲያው ደግሞ ረሳችው። ከኦሳካ ኮፍያ ልገዛለት ነው፣ የራሱ ስፋት ትዝ ይልሻል? ቪዲዮ ላይ አይተሽው የለ? አለችኝ።

ትልቅ ነው አልኩ። ቀይ መብራት ጥሼ አለፍኩ፣ ጮኸችብኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 19

እንቅልፍ የለም። የራሴው ነገር መጣብኝ።

የእናቴን መርዶ የነገሩኝ ከሞተች ሁለት ወር አልፎ ነው። ያኔ የዜግነት ፈተና ነበረብኝ፤ ትፈተንና ይነገራት ተባለ። በመሃል የአንዲት ጓደኛችን ቤቢ ሻወር ነበር። ጨፍሬያለሁ። በጣም ነው የጨፈርኩት። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ገኒም ታውቅ ነበር፣ እጄን ይዛ ወደ መሃል ያወጣችኝ እሷ ናት። ቪዲዮው አሁንም የሰው ስልክ ላይ አለ። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ እስክስታ ስወርድ።

ገኒን አንድም ቀን አልወቀስኳትም። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ግን ይኸው ሰባት ዓመት ሆነው፣ ሰው ዝም ብሎ ሲያየኝ የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስለኛል። ይህን ነገር በሰው ላይ አላደርግም ብዬ ምዬ ነበር። አሁን የገኒን ፎቶ የማነሳት እኔ ልሆን ነው፣ ዶቶንቦሪ ላይ፣ አፏ ሙሉ ሆኖ ስትስቅ።

ዛሬ ደግሞ የባቡር ካርዳችንን ከየት እንደምንገዛ አጣርታ ላከችልኝ። በልብ ምልክት መለስኩላት። ሆድ ይፍጀው ይላሉ፤ ሆዴን እየፈጀኝ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 21

ነገሩ ዛሬ ተገለባበጠ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ገኒ ሬስቶራንት መጣች፣ ምሳዋን ልትበላ። ተናዳለች። ገና ሲመጣ አ.አ. ልትሄድ ፈቃድ ጠይቃ ሱፐርቫይዘሯ ኖ ብሏታል። ያላት የዓመት ፈቃድ ሰባት ቀን ብቻ ነው፤ እሱ ካለቀ እስከሚቀጥለው ዓመት ምንም የለም፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ኤርፖርት ማንንም አይለቅም። "አባዬን በገና እመጣለሁ ብዬው ነበር። ኢትስ ኦኬ፣ የዛሬ ዓመት ለፋሲካ እሄድለታለሁ። እስከዚያ የኦሳካን ቪዲዮ እልክለታለሁ" አለች። ክትፎዋን አዘዘች።

ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ይቺን ሰባት ቀን ኦሳካ ላይ ከጨረሰቻት እናቷ ጋ የምትደርሰው የዛሬ ዓመት ነው። አሁን ብታውቅ ግን አውሮፕላኑን ቀይራ ትሄዳለች። እናቷ እቅፍ ውስጥ ታለቅሳለች። ሰው ቤቱ ውስጥ እያለ፣ ፍራሹ ሳይነሳ ትደርሳለች። እኛ ሽማግሌ ነን፣ አስተዋይ ነን ብለን ተሰብስበን ስንመክር ይህን አንድም ሰው አላሰበውም! እኔም አላሰብኩትም። ኦሳካዬን ነበር የማስበው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሚጥሚጣ ይጨመርልሽ? አልኳት።

ዓርብ፣ ማርች 22

ጋሽ ታደለ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ በር ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። ከተቀመጡበት አልተነሱም። የተመከረ ነገር ተመክሯል አሉ። ያለ ወንድሟ ፈቃድ አይሆንም። እኔ እነግራታለሁ አልኩ፣ ዛሬውኑ፣ ብቻዬን። ያኔ ተቆጡ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። መርዶ አንድ ሰው ሮጦ የሚወረውረው ድንጋይ ነው? ብትወድቅብሽስ ማን ያነሳታል?"

እርስዎ የእኔን መርዶ ሲያረዱኝ ሁለት ወር አርፍደው ነው አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄም ጮኸ። ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ።

እኔ ልሄድ ስል ጋሽ ታደለ ዳዊት ጋ ደውዪ አሉ።

አ.አ. እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ ዳዊት ግን አልተኛም። ስለ ፈቃዷ ነገርኩት። አላወቀም። አሜሪካ ፈቃድ ሲፈልጉ የሚወስዱት መስሎት ነው፤ ከጃፓን ስትመለስ በሳምንቱ ትመጣለች ብሎ ነበር የሚጠብቃት። ከዚያ እማዬ በየቀኑ ልጄ ገነት መንገድ ላይ ናት? ትለኛለች፣ አዎ እያልኳት ነው አለ። አዎ ብሏታል! እዚያም እዚህም ውሸት። ጋሽ ታደለ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። ነገ ንጋት ላይ እናረዳታለን ልጄ፣ ለእናትህ የእውነት መንገድ ላይ ናት በላት አሉት።

ለእኔ ደግሞ፦ በመኪናሽ ትወስጂኛለሽ። ፊትሽን ታጥበሽ ነይ።

ቅዳሜ፣ ማርች 23፤ ከሰዓት

ነገርናት።

ገና ሳይነጋ ደረስን። ኢንግልዉድ፣ አውሮፕላኖቹ ጣሪያ ላይ የሚያልፉበት አፓርትመንት። የጠዋት ሥራ ስላላት ነቅታለች። በሩን የከፈተችው የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ ነው። እኔን ብቻ አየችና ሳቀች። "ሶሲ፣ በረራው ዛሬ መሰለሽ እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ ከኋላዬ ጋሽ ታደለን አየቻቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ብሩሹን ከአፏ አወጣችው።

"ማንኛቸው ናቸው?" አለች። "እማዬ ናት፣ አባዬ?"

ማንም ገና ቃል አልተነፈሰም ነበር። ጋሽ ታደለ አባትሽ ወደ ጌታ ሄደዋል ልጄ ሲሏት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ጩኸቷን አልጽፈውም። በሌላ መኪና ተከትለውን የመጡት ሁለቱ የኳየር ሴቶች ደርሰው ያዟት። ልክ ነበሩ፣ ብቻዬን አልይዛትም ነበር።

ሲረጋጋላት መቼ? አለች። ቀኑን ነገሯት። ጣቷን እያጠፈች ስትቆጥር አየኋት፤ ያን ቀን ማታ ሆቴሉን የያዝንበት ነው። ባኞ ቤቱ ገንዳ ያለው ይሁን ብላ የተሟገተችበት ማታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ መቼ ሰማሽ?"

ጋሽ ታደለ አንድ ነገር ሊሉ ጀመሩ። በማግሥቱ አልኳት። ሐሙስ። ስለ ኦሳካ ስታወሪኝ የቆየሽው ጊዜ ሁሉ አውቅ ነበር።

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ተነሳችና ለጋሽ ታደለ ውኃ ቀዳችላቸው። ለሁሉም ቀዳች። ለእኔ አልቀዳችም።

እሑድ፣ ማርች 24

ቲኬቷን ቀየርን። ጋሽ ታደለ በአንድ ስልክ ሱፐርቫይዘሯ ጋ፣ እኔ በሌላው አየር መንገዱ ጋ። ነገ ማታ ትበራለች። ቀኑን ሙሉ ቤቷ ዋልኩ፤ ሰሃን አጠብኩ፣ ለቅሶ ደራሽ ተቀበልኩ፣ ልብሷን አጣጠፍኩ። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። የሚያስፈልጋትን ለኳየር ሴቶቹ ትነግራቸዋለች፣ እነሱ ለእኔ ይነግሩኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን።

ልክ ናት። እኔ ራሴ ሰባት ዓመት ያልተናገርኩትን ነው በዝምታዋ የምትነግረኝ። ግን ያማል፣ ደብተር። በጣም ያማል።

ከዚያ እትዬ ዘውዴ ጋ ሄድኩ። ጃፓን ቀርቷል፣ ፈቃዴ ግን በሁለት ቀን ይቅደምልኝ፣ ሌላ ቦታ ነው የምሄደው አልኳቸው። የት እንደሆነ ሲሰሙ ጓዳ ገቡና ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ ይዘው መጡ። ለቀስተኛ ባዶ ትከሻውን አይሄድም ብለው ተቆጡኝ። እኔ እንኳ ነጠላ አላሰብኩም ነበር።

የእኔም ቲኬት ተቀይሯል። ከጎኗ ያለውን ወንበር ይዣለሁ። እሷ ገና አላወቀችም፤ ነገ ጠዋት ቤቷ ሄጄ፣ ሰው ሳልክ፣ በራሴ አፍ እነግራታለሁ። አትምጪ ልትል ትችላለች። አሥራ ስንት ሰዓት ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ ልታዞር ትችላለች። ታዙር። እናቷ ደጅ ድረስ እሄዳለሁ። ቦሌ ላይ ብታባርረኝ እንኳ ሻንጣዋን አውርጄ ነው የምባረረው።