ለአባቴ የመረጥኩት ሊኑክስ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

የጌታ ሰላም ቱላ ድረስ፣ ከተቀመጡበት ወንበር ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እናቴስ ሳሉ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ሀዋሳም ደህና ናት፤ ሰሞኑን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ብቻ አስቸግሮናል።

ይህን የሚያነብልዎ አዲሱ የኮምፒውተሩ ድምፅ ነው። የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል፤ እስኪለምዱት ይታገሡት። እባክዎ ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ። እናቴ ባትሰማ ይሻላል።

ከሀዋሳ ፒያሳ ቱላ ቅርብ ነው፤ መጥቼ በአፌ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ሁለቴ ለዚሁ መጥቼ፣ ሁለቴም ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ጡረታ ወጥተው «መዝሙሮቼን በኮምፒውተር ልጽፋቸው» ሲሉኝ ከቢሮ አሮጌ ላፕቶፕ አገኘሁ። ዊንዶውስ ከበደው። የሥራ ባልደረባዬ አልአዛር «በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሊኑክስ ጫኚበት፤ ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም ይስማማል» አለኝ። እኔ ሊኑክስ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ኡቡንቱ አለ፣ ሚንት አለ፣ ስሙን የማልይዘው ስንትና ስንት ዓይነት አለ። ግራ ሲገባኝ ሦስት መርጦ በፍላሽ አመጣልኝና «ሳትጭኚ ከፍላሹ ላይ ሞክሪያቸው» አለኝ።

አንደኛው ማሽኑን አንቀራፈፈው። ሁለተኛው ሲያዩት ደስ ይላል፤ ቀለሙ፣ ሥዕሎቹ ሁሉ የለመድኩትን ይመስላሉ። ሦስተኛው ግራጫና ደረቅ ያለ ነው፤ አልአዛር ሲከፍተው ግን ተናገረ። ቀስቱ በደረሰበት ሁሉ ያለውን ቃል ጮክ ብሎ ያነባል። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «የአባትሽ ዓይን እንዴት ነው?» አለኝ። «አባቴ ከእኔ የተሻለ ያያል» ብዬ ተቆጣሁት።

አባዬ፣ ዋሽቻለሁ። ለገና ሻይ ሲቀዱልኝ ከብርጭቆው ውጭ ሲፈስ አይቻለሁ። የበሩን እጀታ እየዳበሱ ሲፈልጉም አይቻለሁ። የሚናገረውን ከጫንኩልዎ ያየሁትን ማመኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ማመን አልፈለግኩም። ስለዚህ ቆንጆውን ጫንኩልዎ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ለጀማሪ ምርጡ ይኼ ነው» እል ነበር።

እርስዎም መረቁኝ። በስልክ «እንዴት ነው?» ባልኩ ቁጥር «እየጻፍኩ ነው ልጄ፣ በጣም ጥሩ ነው» ይሉኛል። ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ሳልደውል መጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው፣ መዝሙሩን እያንጎራጎሩ ይጽፋሉ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ባትሪው አልቆ ጠፍቷል፤ እርስዎ ግን ቁልፎቹን ይመታሉ። ኮቴዬን ሲሰሙ ፈገግ ብለው «ዛሬ ብዙ ጻፍኩ» አሉኝ። እኔም «ይበርቱ አባዬ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ስወስድዎ፣ ሐኪሙ የዓይንዎ በሽታ ግላኮማ መሆኑን ሲናገር አብረን ሰምተናል። ወደ ውጭ ጠርቶ ለብቻዬ የነገረኝን ግን አልሰሙም። የጠፋው አይመለስም፣ ከወራት በፊት ብታመጫቸው ግን የተረፈውን ማቆየት ይቻል ነበር አለኝ። እነዚያ ወራት የእኔ ናቸው። እርስዎ እንዳላዝን ብለው ደበቁኝ፤ እኔ ግን እያየሁ ተውኩዎ። ይቅር ይበሉኝ። እንደ ልማድዎ ቶሎ ብለው «ምንም አይደለም» ግን አይበሉኝ፤ መጀመሪያ ይቆጡኝ።

ሌላም ነገር አለ። በሽታው በዘር ይመጣል ብሎኛል። ወንድሜ ኩማ ዛሬ ነገ ሳይል ይመርመር፤ የእርስዎን ቃል ይሰማል። እኔ ሄጄ ተመርምሬያለሁ።

አሁን ለእርስዎ የጫንኩትን ያንን ግራጫውን በራሴም ኮምፒውተር ላይ ጭኜዋለሁ። አልአዛር «ለአንቺ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» ሲለኝ «አባቴን ላስተምርበት ነው» አልኩት። አምኖኛል። እርስዎ ግን ቀስ ብለው፣ ደህና አድርገው ይልመዱት። ማን ማንን እንደሚያስተምር ጌታ ያውቃል።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። መዝሙሮችዎን በድምፅዎ ለመስማት ያብቃኝ። ለዓይንዎ ሲጸልዩ የእኔንም ስም አብረው ያንሱ፤ ለእናቴ ግን ገና አይንገሯት።

የምትወድዎ ልጅዎ
ከሀዋሳ