እንትፍ የተባለበት መነጽር

ዴማር፣ አንተ ኪንግስተን ተጎልተህ ቅር!

ባርቤዶስ ላይ መርከባችን ስትቆም በርካሽ ባሕር ውስጥ እያስጠለቀ ኤሊ የሚያሳይ ካዝዌል የሚባል ሰው አገኘን። አክስቴ ኢሜልዳ ዓመቱን ሙሉ ኤሊ ኤሊ ስትል ብትከርምም፣ ርካሽ ነገር አታምንም። ሰውየው ጉም እንዳይለብስ ብሎ የመዋኛ መነጽሯ ውስጥ እንትፍ ሲልማ፣ «ባለጌ! ፊቴ ላይ ልትተፋ?» ብላ መነጽሩን በሳሙና አጠበችው። መነጽሩ ጉም ለበሰና ሁላችንም ኤሊ ስናይ እሷ ምንም አላየችም።

«ተመሳጥራችሁ ነው!»

«እትዬ፣ ኤሊዋ ሳሙናሽ ሸቷት ሸሸች» አልኳት።

ልንመለስ ስንል ጀርባዋን ሰጥታን በድብቅ መነጽሯ ውስጥ እንትፍ ስትል ያዝኳት። ጠልቃ ስትወጣ በደስታ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ካዝዌል ላይ አፈጠጠች፦ «ለኤሊዋ ስንት ከፍለሃት ነው?»

እናትህን ሳምልኝ። ፖስተኛው፣ ፖስትካርዱን አንብበህ ስትጨርስ ለዴማር ስጠው።

ኦሼን