ስድሳ አምስት ሺህ በር አንኳኩቼ

ውድ የእህቴ ባል፣

እንዴት ነህ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ደስ እያለኝ የጻፍኩት ደብዳቤ ትዝ አይለኝም፤ ስለዚህ አረፍ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ዓመት የክሊኒኩ ሕሙማን መረጃ የተሰረቀ ጊዜ፣ አንተ የኔትወርክ ኃላፊው፣ ስብሰባ መሃል ጣትህን ቀሰርክብኝ። «ሌባው የገባው በእሷ ኮምፒውተር ነው፤ የይለፍ ቃሏን ወረቀት ላይ ጽፋ ትለጥፋለች» አልክ። ለጥፌ አላውቅም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ከሠራሁበት ካርድ ክፍል አንስተው ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት ወረወሩኝ። በዚያው እሁድ እህቴ ቤት ምሳ ላይ፣ አፍህን ሞልተህ፣ «እትዬ፣ ለአንቺ አቧራ ይሻልሻል፤ አቧራ ቫይረስ የለውም» አልከኝ። ልጆችህ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ምድር ቤት ደግሞ ጊዜ ሞልቶ ተርፏል። ልጄ ኮምፒውተር ስለምትማር «አስተምሪኝ» አልኳት።

«እማዬ፣ አስራ ሁለተኛን ከጨረስሽ እኮ ሠላሳ ዓመት ሆነሽ!»

«አፍሽን ዝጊና አሳዪኝ።»

የጻፍነው ፕሮግራም ሃያ መስመር አይሞላም። አንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉትን በሮች፣ እናንተ ፖርት የምትሏቸውን፣ በየቁጥራቸው ያንኳኳል። «አቤት» ያለው ክፍት ነው፤ «አይገባም» ያለው ዝግ። ዝም ያለውን ግማሽ ሰከንድ ጠብቆ ያልፈዋል። መጀመሪያ ላይ እንዲያልፍ መንገር ረስቼ፣ አንድ ዝምተኛ በር ፊት እንደ ጅል ተገትሮ ዋለብኝ፤ ልጄ በሳቅ ፈረሰች።

የሰው በር ያለፈቃድ አይንኳኳም ስላለችኝ ፈቃድ ልጠይቅ የክሊኒኩ ዳይሬክተር ዘንድ ወጣሁ። እንደ ቀልድ ቆጥራው ከነማኅተሙ ፈረመችልኝ። ለአንተ አልነገረችህም።

አንተ በየወሩ የምትፈትሸው የታወቁትን አንድ ሺህ በሮች ብቻ ነው። እንዴት አወቅሽ አትበለኝ፤ ሪፖርትህን የማስቀምጠው እኔ ነኛ! እኔ ግን አንድ ፎልደር ሲጠፋ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ተነስቼ እስከ መጨረሻው ነው የማየው፤ መዝለል አላውቅበትም። የሕሙማኑ መረጃ ያለበትን ዋናውን ኮምፒውተር ከአንድ እስከ ስድሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ አምስት አንኳኳ አልኩት፣ ፕሮግራሜን። ከጠዋት እስከ መውጫ ሰዓት ሲያንኳኳ ዋለ። አርባ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አስራ አንድ ላይ አንዱ «አቤት» አለ።

እልል ማለት ነው የቀረኝ። ዳይሬክተሯ ከውጭ ባለሙያ አስጠራች። በሩ ያንተ ነው፤ ቢሮ መምጣት ሲሰለችህ ከአልጋህ ሆነህ የምትገባበት። የይለፍ ቃሉ የገዛ ስምህ ነበር፤ የዶሮ ቤት እንኳ ከዚህ የተሻለ መቀርቀሪያ አለው። ሌባውም የገባው በዚያ ነው። በስርቆቱ ማግስት የይለፍ ቃሉን ለውጠሃል፤ ቀኑ ተመዝግቧል። በሩን መዝጋት ግን ስንፍናህ አልፈቀደልህም። አውቀህ ነው እንግዲህ ጣትህን የቀሰርክብኝ።

ትናንት እህቴን ላክህብኝ። «እታለም፣ በሩ እሱ ከመቀጠሩ በፊትም ነበረ በያቸው። ይባረራል! ለልጆቹ ስትይ» እያለች ተንሰቀሰቀች። እውነቱን ልንገርህ፣ ሻዬን ጨርሼ ነው እንባዋን ያበስኩላት። መዋሸቱን እምቢ አልኳት፤ እንዳትባረር ግን ቃል ገባሁላት።

ቃሌንም ጠበቅሁ። ዛሬ ዳይሬክተሯ ፊት ቆሜ ለመንኩልህ። «ጥፋቱን በፊርማው ይመን፤ የፈረመበትም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ ለእኔ ስጡኝ» አልኳት። ሳቋን ስትጨርስ ፈረመች።

ሰኞ ሁለት ሰዓት እጠብቅሃለሁ። አስራ አራት ሺህ ፎልደር በየቁጥሩ ይደረደራል፤ አንዱን የዘለልክ እንደሆነ ከአንድ ትጀምራለህ። ወፍራም ሹራብ ልበስ፣ ታች ይበርዳል።

የሚስትህ ታላቅ እህት፣
ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ አለቃህ