የበረካ ዘር

ለተከበርሽ እህቴ ለሂዳያ አብዱልሀኪም፤ ካለሽበት ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እታለም፣ ከወንድምሽ ከፈይሰል የተላከ የናፍቆት ሰላምታ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ለቀቀሽ ወይ? የምትጦሪያቸው አሮጊት እንደ ድሮው ይነጫነጫሉ ወይስ ለመዱሽ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። የአባባ ዓይን ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር ሁሉም እንደነበረ ነው። ጥቅምት ቢገባም የሮቢት ሙቀት አልበረደም። ማሾው ተለቅሞ ገብቷል፣ ማሽላውም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ሙሚና ይዛልሽ ትመጣለች። በየጁምዓው በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይታጠፋል፣ እዋሻለሁ። ዓመት ሙሉ ስዋሽሽ ኖሬአለሁ። ወረቀት ግን እየሳቀ አይጠይቀኝም፤ ስለዚህ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጬ እውነቱን እጽፍልሻለሁ። ሙሚና ፊት አታንብቢው።

እታለም፣ አንገተ መላጣዋ ዶሮሽ በረካ የለችም። ፈንግል አልገደላትም፣ ጭልፊትም አልነጠቃትም። በገዛ እጄ ነው ያረድኳት። ሁለቱ ልጆቿም አብረዋት ሄደዋል፣ ገብስማው አውራም ከእነሱ በፊት ሄዷል። እማዬ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ዘር እኔ ግቢ ውስጥ አልቋል።

የሄድሽ ቀን መናኸሪያው ላይ ምን እንዳልሽኝ አንድም ቃል አልረሳሁም። ሻንጣሽን ሳይሆን ዶሮሽን ነበር አደራ ያልሽኝ። «ስመለስ በእሷ ነው የምጀምረው፣ ሰው ቤት ሠራተኝነት በቃኝ ብዬ የራሴን ዶሮ የማረባው በእማዬ ዘር ነው» አልሽ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ» አልኩሽ። ተረት ለአፍ ቀላል ነው። የእኔን ደብተርና እርሳስ የገዛው የእነዚያ ዶሮዎች እንቁላል መሆኑን እንኳ ያኔ ትዝ አላለኝም።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ጀውሃ ላይ ነው። ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ያላቸውን ጋሼ ሙዐዊያን ታውቂያቸዋለሽ። አንድ ቀን ዶሮ ልሸጥላቸው ብሄድ አንገቷን ይዘው እያገላበጡ «የአበሻዋ ጣዕም አላት፣ ሥጋ የላትም፤ የፈረንጁ ሥጋ አለው፣ ጣዕም የለውም። ሁለቱን አጋብቶ የሚያመጣልኝ ባገኝ ከሌላ ሰው አልገዛም ነበር» አሉኝ። ይቺ ነገር ራሴ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። የእኛ መላጣዎች ሙቀቱን ይችላሉ፣ ጥሬያቸውን ራሳቸው ጭረው ያገኛሉ። የፈረንጅ አውራ ባመጣላቸው ሥጋው ይጨመርበታል አልኩ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ እኔ ደግሞ ሌት ተቀን የማልመው ዶሮዋን ራሷን ሆነ።

ከደብረ ብርሃን ነጭ አውራ ገዛሁ። ጣርማ በርን ወርዶ ቆላው ሲቀበለው ምንቃሩን ከፍቶ ማለክለክ ጀመረ። ግቢ ስለቀው ደግሞ ገብስማው አላስቆም አለው። ያ ግማሹን የማያህል ዶሮ ግዙፉን ነጭ እያሯሯጠ ከእንጨት ክምሩ ሥር ወተፈው። ናጅዋ ሳቋ አላባራ አለ፤ ሚስቴ ሳትሆን የነጩ ጠላት ነበር የምትመስለው። እኔ ግን ተናደድኩ። ገብስማው እያለ ነጩ ዶሮዎቹን ሊጠጋ አይችልም። ለአረፋ አረድኩት። የዘሩ የመጨረሻ አውራ መሆኑን እያወቅኩ ነው ያረድኩት።

በማግስቱ አባባ የሱብሂ ሶላት አለፈባቸው። በገብስማው ጩኸት ነበር የሚነሱት። ነጩ የሚጮኸው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ሰዓት እንኳ አያውቅም። አባባ ከደጅ ተቀምጠው «ያ ሙአዚን የት ሄደ?» አሉኝ። በልተነዋል ማለት አቅቶኝ ለነጩ ጥሬ መበተን ያዝኩ።

የእንስሳት ባለሙያዋ ራሔል መክራኝ እንደነበር አልደብቅሽም። መላጣዎቹን ከነአውራቸው ለብቻ አስቀምጥ፣ ጥሩ ክልስ የሚወለደው ሁልጊዜ ከንጹሑ ዘር ነው፣ ክልስን ከክልስ ብታራባ ይዘባረቅብሃል ብላኝ ነበር። ሁለተኛ ቤት መሥራት ሰነፍኩ። አዎ አዎ ብዬ ሸኘኋት።

ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ክልሶች አሳሳቱኝ። ዛሬም ሳስባቸው ደስ ይለኛል፣ ይህን ብክድ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። አንገታቸው ግማሽ መላጣ፣ ደረታቸው ሰፊ፣ በአምስት ወር ለቢላ የደረሱ፣ በቀትር ፀሐይ ቆመው የሚጭሩ ዶሮዎች ነበሩ። ጋሼ ሙዐዊያ አንዱን ብልት ቀምሰው «ይሄ ነው ዶሮ!» ብለው ሾፌሮቹን ጠሩ። ከጀውሃ እስከ ሮቢት ስሜ ተነሳ። ሰው ሲያወድስሽ ጆሮሽ እንጂ ልብሽ አይሰማም።

ከዚያ አንድ የኒካህ ድግስ ተያዘ፣ አርባ ዶሮ አመጣለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። የድግሱ ጠዋት ብቆጥር ሠላሳ ሰባት ሆኑ። ቃሌን ላለማጠፍ ቆጥ ላይ ወጥቼ በረካንና ሁለት ልጆቿን አወረድኩ። የሰው ፊት አፈርኩ፤ ያንቺን ፊት አላፈርኩም፣ ሩቅ ነሽና። በረካ እንደምታውቂያት ናት፣ ሌሎቹ ሲንጫጩ እሷ እጄ ላይ ዝም አለች። ቢስሚላህ ብዬ አረድኳት።

በሚቀጥለው ጁምዓ ደውለሽ «በረካ እንዴት ናት?» አልሽኝ። ታቅፋለች አልኩሽ። አንቺ ጅዳ ሆነሽ ሃያ አንድ ቀን ቆጥረሽ ደወልሽ፤ «ስንት ፈለፈለች?» አልሽ። አሥራ አንድ አልኩ። በደስታ ሳቅሽ። ላልተፈለፈሉ ጫጩቶች ስም አወጣሽ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ስለሌሉ ጫጩቶች እነግርሽ ነበር፤ አንዷን ጭልፊት ወሰዳት ያልኩሽ ቀን አለቀስሽ። እታለም፣ ከማረዴ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ያ ልቅሶሽ ነው።

የተመኘሁትም አልሆነ። ንጹሑ ዘር ስላለቀ ክልስን ከክልስ አራባሁ፣ ራሔል እንዳለችው ተዘባረቀ። አንዱ እንደ ነጩ አያቱ በሙቀት ያለከልካል፣ ሌላው እንደ መላጣዋ አያቱ ቀጭን ነው፣ ግን ብልሃቷን አልወረሰም። እንስቶቹ እንቁላል ጥለው ይሄዳሉ፣ መታቀፍ አያውቁም። ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀና ብለው ያዩታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፤ እኔ ደግሞ ለብብቴ ብዬ የቆጡን ጨረስኩ። ጋሼ ሙዐዊያም አሁን ሲያዩኝ ወሬ ይለውጣሉ።

ለረመዷን ጠቅልዬ እገባለሁ ያልሽ ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ሳምንት አባባ ሳልጠይቃቸው «አሊዩ አምባ ሂድ፣ የእናትህን እህት ጠይቅ» አሉኝ። ሁሉንም ያውቁ ኖሯል። እማዬ በሕይወቷ ሳለች አንዲት ቄብ ለአክስታችን ለሙሀባ በርቢ ሰጥታት እንደነበር አስታወሱኝ፤ አርቢዋ ትመግባለች፣ ጫጩቱን ከባለቤቷ ጋር እኩል ትካፈላለች። ያቺን ቄብ የሰጠችው ባንቺ ስም ነበር።

በመኪናም በእግርም ሄጄ ደረስኩ። እታለም፣ አሉ! ስድስት አንገተ መላጣዎች ከአክስቴ ግቢ ይጭራሉ፣ አንድ ገብስማ አውራም አላቸው። ሦስቱ እግራቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። አክስቴ «ክር ያለባቸው የሂዳያ ድርሻ ናቸው» አለችኝ። ስንት ዓመት ማንም ሳይጠይቃት፣ አሮጌው ሲሞት ክሩን ለወጣቱ እያሰረች ድርሻሽን ስትጠብቅ ኖራለች። እኔ ከአልጋዬ አጠገብ ያሉትን መጠበቅ አልቻልኩም።

አንዲት ቄብና አውራውን ስጪኝ፣ እህቴ ሳትመጣ ላርባ ብዬ ለመንኳት። የሆነውን ሳትጠይቀኝ እንደማትተወኝ አውቄ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። «ልጄ፣ የሰው ነው፤ ባለቤቷ ስጪው ካላለችኝ ላባ አላስነቅልህም» ብላ ምሳ አብልታ ባዶ እጄን ሸኘችኝ። ዋሽቼ ሂዳያ ልካኛለች ብላት ትሰጠኝ እንደነበር መንገድ ላይ አሰብኩ። አለማድረጌን ብቻ ቁጠሪልኝ።

አሁን ነገሩ ባንቺ አፍ ላይ ነው። ለአክስቴ ደውለሽ ስጪው ካልሻት፣ ሁለተኛውን ቤት ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ነጩ አውራ ወደዚያ ዝር አይልም። አትስጪው ካልሻትም አልቀየምም፤ ቤቱ ባዶውን ይጠብቅሽና ራስሽ ትሞይዋለሽ። አፉ በይኝ እንጂ እመኚኝ አልልሽም፤ ያን የምለው ሥራዬን በዓይንሽ ስታዪ ነው።

አባባ ዱዓ ያደርጉልሻል፣ ሱብሂ አሁን በስልክ ጩኸት ነው የሚነሱት። ናጅዋ አጥብቃ ሰላም ትልሻለች። ልጄ ሱፍዋን ፊደል ቆጥሯል፣ ስምሽን ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፎ ተቆጥቼዋለሁ። አክስቴ ሙሀባ በቶሎ ነይ ብላሻለች። ስልክ ስንዘጋ ሁልጊዜ «በረካም ሰላም ብላሻለች» እልሽ ነበር፣ አንቺም «እኔም ብያታለሁ በላት» ትይኝ ነበር። ያንን ሰላምታሽን ለማንም አላደረስኩም፤ ዓመት ሙሉ እኔው ጋ ተቀምጧል።

ወንድምሽ ፈይሰል አብዱልሀኪም
ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.