«መጀመሪያ ተማሪው ይግባ» ያሉት የአቶ ዕንባቆም ሄራሞ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዕንባቆም ሄራሞ ከአባታቸው ከአቶ ሄራሞ ላምቤቦና ከእናታቸው ከወ/ሮ ገነቴ ዋዶሌ በ1968 ዓ.ም. በሞርሲቶ ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃን በሆሳዕና አጠናቀው በ1992 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ በዲግሪ ተመረቁ። በሀደሮ ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በሆሳዕና በአንድ የጤና ኮሌጅ የዳታቤዝ ኃላፊ ሆነዋል። በ1997 ዓ.ም. ወ/ሮ ሰሎሜ ተገኘን አግብተው ምስክርንና አዶናይን ወልደዋል። በራሳቸው ቀልድ ከሁሉ ቀድመው የሚስቁ ሰው ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ሳይነገር አይታለፍም። መናኸሪያው ካፌ ተቀምጠው «የተማሪውን ውጤት ያጠፋው ዕንባቆም ነው» የሚሉ አሁንም አሉ። ሐሰት ነው! በ2011 ዓ.ም. ምርቃት ሲቃረብ የተማሪው ውጤት ያለበትን የኮሌጁን ሰርቨር ያቃጠለው እየሄደ የሚመጣው መብራት ነው። ባካፑ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂው፣ ሲመለስ አልጫን ያለውም ተበላሽቶ አይደለም። ሰንጠረዦቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለተደረደሩ ውጤቱ (Grade) ከተማሪው (Student) ቀድሞ መጣ፤ ዳታቤዙም ባለቤቱን የማላውቀውን ውጤት አልቀበልም አለ።

ዲኑ አቶ ወንዳፈረው «ይህን ባለቤት ፈላጊ ቁጥጥር አጥፋውና ዝም ብለህ ጫነው» ቢሏቸው፣ «ጋሼ፣ አባቱ ሳይወለድ ልጁን ልዳር?» ብለው እምቢ አሉ። ቁጥጥሩ ጠፍቶ ባለቤት አልባ ውጤት ቢገባ ማን ያውቃል? የተማሪው ልፋት ሜዳ ላይ ይቀር ነበር።

«መጀመሪያ ተማሪው ይግባ» ብለው ተማሪውን አስቀደሙ፣ ውጤቱን አስከተሉ፣ ከሁለቱ የሚወጡትን ሪፖርቶች መጨረሻ ጫኑ። የትምህርት ክፍሉ ሰንጠረዥ ኃላፊውን መምህር ካላየሁ፣ የመምህራኑ ሰንጠረዥም ትምህርት ክፍሉን ካላየሁ አልገባም ብለው፣ በር ላይ «አንተ ቅደም» እንደሚባባሉ ሽማግሌዎች ተገትረው ቀሩ። አቶ ዕንባቆም «ሁለቱም ይግቡ፤ ዝምድናው ውስጥ ይቋጠራል» ብለው ሁለቱን አስገቡና ወዲያው አንዱን ከሌላው አያያዙ። ሁሉም ገባ፤ ምርቃቱም በቀኑ ሆነ።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ያስታመመቻቸው ነርስ ሊዲያ የዚያ የ2011 ዓ.ም. ተመራቂ ናት። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ሊውጡ ሲሉ «ጋሼ፣ ተራ ይጠበቅ! መጀመሪያ ሾርባው» ብትላቸው አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

አቶ ዕንባቆም ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እናታቸው ወ/ሮ ገነቴ በሕይወት አሉ። የ2011 ተመራቂዎችም ብዙዎቻችሁ እዚህ ቆማችኋል። ውጤቱ የጠፋበት ካለ፣ በወንድማችን አስከሬን ፊት እጁን ያውጣ። እናውቃለን፣ የሚያወጣ የለም።

ጌታ በደስታው ያሳርፋቸው፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ያብዛ። አሜን።